የቡና ገለባ ነጭ ናፍጣ አይሆንም

ሰሞኑን ስለ ፓይሮሊሲስ፣ ማለትም ገለባና እንጨትን አየር በሌለበት አሙቆ ዘይት ስለማውጣት፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር ከርሟል። እኔ ጋ ከየአቅጣጫው ደርሷል። የማውቃቸው ሰዎች ከፋብሪካ ቦይለር ጋር የምውል ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። «አዎ» ብል ሙሉ እውነት አይደለም። «አይደለም» ብልም እንደዚያው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ኢትዮጵያ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። በሌላ በኩል የቡና ገለባ፣ አገዳ፣ ሰጋቱራ፣ የጫት ገረባ፣ የጣና እምቦጭና የከተማ ቆሻሻ በየቦታው ተጥሎ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ አየር በማይገባበት ምድጃ ብናሞቀው ከክብደቱ 70 በመቶው ዘይት ይሆናል። ዘይቱ ናፍጣን ይተካል። ጥሬ ዕቃው በነጻ የሚገኝ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ቀድመውን ገብተውበታል። ማሽኑ ቀላል ስለሆነ በየቀበሌው፣ ከበርሜል ሳይቀር፣ ሊሠራ ይችላል። የአየር ንብረትንም አይጎዳም። ታዲያ ለምን አልተሠራም? የጸሐፊው መልስ አንድ ነው፤ ፈቃደኝነት ስለጠፋ።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ቁጣቸውም ይገባኛል። ማደያ ፊት ለፊት የሚሰለፈውን መኪና አይቶ የማይቆጣ የለም። የነዳጅ ወጪው ከባድ መሆኑም የሚያከራክር አይደለም። ፓይሮሊሲስ ራሱም ተረት አይደለም። እንጨት ወይም ገለባ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ አይነድም፤ ይፈራርሳል። ከሰል፣ ጋዝና ትነት ይወጣዋል። ትነቱ ሲቀዘቅዝ ጠቆር ያለ ቡናማ ፈሳሽ ይሆናል። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን አፈር አልብሶ የሚሠራው ሥራም የዚሁ ቀርፋፋ ዓይነት ነው። እሱ ከሰሉን ብቻ ይዞ ትነቱንና ጋዙን ለሰማይ ይለቃል።

እንግዲህ ሳይንሱ ላይ ጠብ የለንም። ጠቡ ያለው ከሳይንሱ እስከ ማደያው ባለው መንገድ ላይ ነው።

በ70 በመቶው ልጀምር። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ንጹህ የእንጨት ዱቄት፣ ርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ፣ ከጥቂት ሚሊሜትር በማይበልጥ ልክ ተፈጭቶ፣ በቅጽበት ከሞቀና ትነቱ በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወጥቶ ከቀዘቀዘ ከ60 እስከ 75 በመቶ ፈሳሽ ይገኛል። ከነዚህ አንዱ ሲጓደል ፈሳሹ ይቀንሳል። ቀስ ብለህ ካሞቅኸው ከሰሉና ጋዙ ይበዛሉ። ገለባ ደግሞ እንጨት አይደለም። አመድ ይበዛበታል፣ በተለይ የቡና ገለባ ፖታሲየም አለበት። ፖታሲየሙ ምድጃው ውስጥ ትነቱን እየሰባበረ ወደ ጋዝና ውሃ ይለውጠዋል። ስለዚህ ለገለባ ግማሽ ያህል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ሌላም ያልተጻፈ ነገር አለ። «ዘይት» ከተባለው ፈሳሽ ከ15 እስከ 30 በመቶው ውሃ ነው። ከታች የሚዘቅጥ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ አብሮ የተዋሃደ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት እንምጣ፣ ዘይቱ ናፍጣን ይተካል ወደሚለው። የነዳጅ ዋጋ ሲከለስ የሚወጣውን ዝርዝር አስታውሱ። ቤንዚን፣ ነጭ ናፍጣ፣ ኬሮሲን፣ ቀላል ጥቁር ናፍጣ፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ እያለ ይወርዳል። አይሱዙውም ሲኖትራኩም የሚጠጣው ነጩን ነው። ጥቁሩን የሚያነደው ፋብሪካ ነው፣ ለቦይለርና ለእቶን። የፓይሮሊሲስ ዘይት በደንብ ከተሠራ መወዳደር የሚችለው ከጥቁሩ ጋር ነው። ጽሑፉ ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ «ናፍጣ» ብሎ አለፈ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሒሳብ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። ናፍጣ ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። የፓይሮሊሲስ ዘይት ግን ከክብደቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ኃይሉ ያንሳል። አንድ ኪሎ ናፍጣ 43 ሜጋ ጁል ገደማ ሲሰጥ ይህ ፈሳሽ ከ16 እስከ 19 ብቻ ይሰጣል። የአንድን ኪሎ ናፍጣ ሥራ ለመሥራት ሁለት ኪሎ ተኩል ያስፈልጋል ማለት ነው። አሲድም አለው፤ ፒኤችው ከ2 እስከ 3 ነው፣ ኮምጣጤ በሉት። ተራ ብረት ታንክ ውስጥ ብታስቀምጠው ብረቱን ይበላዋል። ከናፍጣ ጋር ብትቀላቅለው አይዋሃድም፣ ይለያያል። ለወራት ካስቀመጥኸው ይወፍራል። የናፍጣ ፓምፕና ኢንጀክተር ይህን የሚችል ጉሮሮ የላቸውም።

«እናጣራዋ» የሚል ይኖራል። ድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው እየሞቀ በየእርከኑ እየተነነ ነው። ይህ ፈሳሽ ግን ሲሞቅ እርስ በርሱ ይያያዛል። ሊተን የማይችል ጥቁር ቅሪት ይተዋል፣ አንዳንዴ እስከ ግማሹ ድረስ። ወደ እውነተኛ ናፍጣ ለመለወጥ ኦክስጅኑን ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ሃይድሮጅን፣ ከፍተኛ ግፊትና ውድ ካታሊስት (የኬሚካል ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) ይፈለጋል። ባጭሩ የነዳጅ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ስንጠቀምበት የኖርነው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቁሟል። ጎዴ ላይ ማጣሪያ ሊሠራ መጀመሩ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ተነግሯል፣ ይሁን። እስኪያልቅ ድረስ ግን ከጅማ ገለባ ነጭ ናፍጣ ለማውጣት የሚያስችል ቦታ የለንም።

«ጥሬ ዕቃው ነጻ ነው» በሚለው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉ የከነከነኝ እሱ ነው።

ጸሐፊው «በየማሳው የሚበሰብሰው የሰብል ተረፈ ምርት» ብለው ጽፈዋል። የትኛው ማሳ ላይ ነው የሚበሰብሰው? የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው። በበጋ በጭነት ተጭኖ ከተማ ገብቶ ይሸጣል። የጭቃ ቤት ያለ ጭድ አይለሰንም። የበቆሎና የማሽላ አገዳ ግማሹ ለከብት፣ ግማሹ ለአጥር፣ የቀረው ለማገዶ ነው። ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት መነጠፊያ ይገዛል፣ በሰጋቱራ ምድጃም ይነዳል። ገረባውን እንኳ ፍየሎች ይጠብቁታል፤ ጫት ተራ የዋለ ሰው ያውቃል። ተጨምቆ የቀረው የሸንኮራ አገዳ በየስኳር ፋብሪካው ቦይለር ውስጥ ገብቶ እንፋሎትና መብራት ይሆናል። ከዚህ የሚተርፈውም መሬት ላይ ቢቀር ጥፋት አይደለም፤ አፈሩን የሚመግበው እሱ ነው። ደጋው ላይ ኩበት ለማገዶ ስለሚሰበሰብ አፈሩ ስንት ዘመን ሲራብ ኖሯል። አሁን ደግሞ አገዳውን በመኪና ጭነን እንውሰድበት?

የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚጠቀመው ኃይል አብዛኛው ዛሬም ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከተረፈ ምርት ነው የሚመጣው። ጸሐፊው «ቆሻሻ» ያሉት ነገር እናቶች ጀርባ ላይ ታስሮ እየተጓዘ ያለ ነዳጅ ነው። ፋብሪካ ተከፍቶ መግዛት ሲጀምር ደግሞ ዋጋ ያወጣል። ዋጋ ያወጣ ነገር ነጻ አይደለም። ነጋዴ ይገባበታል፣ ደላላ ይገባበታል፣ ፋብሪካው በዓመቱ «ጥሬ ዕቃ ተወደደብኝ» ይላል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ። የቡና ገለባ ጉዳይ እውነት ነው። ምሥራቁ አካባቢ ገለባው ተፈልቶ ይጠጣል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም የድንጋይ ከሰልን በከፊል እንዲተካ ሞክረውታል። ቢሆንም ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ የሚፈለፈልበት ቦታ ሁሉ ክምሩ ይታያል። ብዙ ጊዜም ቦታ ለማስለቀቅ ብቻ ይቃጠላል። አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ ባለቤቱ «ውሰዱልኝ» የሚለው ዕቃ ይህ ነው።

ታዲያ እሱን እናስላው። የሀገሪቱ የቡና ምርት በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነው። አብዛኛው በጀንፈል ደርቆ ይፈለፈላል። ከዚያ 300,000 ቶን ገለባ ተሰበሰበ እንበል። ለጋስ ግምት ነው፣ ግን ይሁን። ግማሹ ፈሳሽ ከሆነ 150,000 ቶን ይሆናል። በኃይል ሲመነዘር የ60,000 ቶን ናፍጣ ያህል ነው። ኢትዮጵያ የምታስገባው ናፍጣ 2 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነው ብንል እንኳ 3 በመቶ ነው። ያውም ትራንስፖርቱን፣ መፍጫውን፣ ማሽኑ ራሱ የሚበላውን ኃይል ሳንቀንስ። 3 በመቶ ንቀት አይገባውም። ግን «ነዳጅ ማስገባት እናቆማለን» ከሚለው የጽሑፉ አርዕስት ጋር አይተዋወቁም።

የትራንስፖርቱን ነገር ካነሳሁ፣ ገለባ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይይዛል። መኪናው ሞልቶ ጠርዝ ሲደርስ ክብደቱ ገና ነው። ስለዚህ የምትከፍለው አየር ለማመላለስ ነው። ከከፋ አዲስ አበባ ድረስ ገለባ ጭኖ የመጣ መኪና ስንት ሊትር ነጭ ናፍጣ እንደጠጣ ሹፌሩን መጠየቅ ይበቃል።

እምቦጭን በተመለከተ ግን ልስማማ አልችልም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሐይቁን የወረረውን አረም ነዳጅ ማድረግ ማን ይጠላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ሲያስጨንቅ የኖረ አረም ነው፤ ገበሬው ከነልጆቹ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አይተናል። ነገር ግን እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። አንድ ቶን ትኩስ እምቦጭ ውስጥ 70 ኪሎ ያህል ደረቅ ነገር ብታገኝ ነው። ያንን ውሃ አትንኖ ለማድረቅ ከ2,000 ሜጋ ጁል በላይ ሙቀት ይጠይቃል። 70 ኪሎው ደረቅ ነገር ሙሉ በሙሉ ቢነድ የሚሰጠው 1,000 ሜጋ ጁል አካባቢ ነው። ለማድረቅ የሚወጣው ኃይል ውስጡ ካለው በእጥፍ ይበልጣል።

«ፀሐይ ያድርቀው» ይባላል። ይቻላል፣ ለሰፊ ሜዳና ለበጋ ወራት። ደርቆ ሲመጣ ታዲያ ከአንድ ቶን 30 ኪሎ ፈሳሽ ቢወጣ ጎበዝ ነን። እሱም የ13 ሊትር ናፍጣ ያህል ኃይል አለው። አንድ ቶን እምቦጭ ከሐይቅ ለማውጣት፣ ለመሸከም፣ ለመዘርጋት፣ ለመገልበጥ የሚከፈለውን የቀን ሥራ ዋጋ እናንተ አስሉት። እርጥብ ነገር ለፓይሮሊሲስ ሳይሆን ለባዮጋዝ ነው የሚሆነው። ባዮጋዝ ውሃ ይወዳል።

የከተማ ቆሻሻውም ግማሽ ታሪኩ ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የወጥ ቤት ትራፊ ነው፣ እርጥብ ነው፣ በክረምት ደግሞ ይብስበታል። ቆሼ አጠገብ ረጲ ላይ የተሠራው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ 25 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ በታሰበው አቅም ሲሠራ አላየንም። እዚያ ያለው ቴክኖሎጂ ማቃጠል ነው፤ ከፓይሮሊሲስ ይልቅ ምርጫ የማያበዛው እሱ ነው። እሱ የተቸገረበትን ቆሻሻ ርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ለሚጠይቅ ማሽን ማቅረብ ምን ይባላል?

ጸሐፊው እዚሁ አንቀጽ ውስጥ ፕላስቲክን ቀላቅለዋል። ፕላስቲክ በፓይሮሊሲስ ጥሩ ዘይት ይሰጣል፣ እውነት ነው። ፌስታልና የዘይት ጄሪካን የሚሠሩበት ፕላስቲክ ኦክስጅን ስለሌለው የሚወጣው ፈሳሽ ለናፍጣ ይቀርባል። ግን ይህ ባዮፊውል አይደለም። ፕላስቲክ ከነዳጅ ነው የተሠራው፤ ወደ ነዳጅ ተመለሰ እንጂ ከዕጽዋት አልመጣም። ሁሉም ፕላስቲክም አንድ አይደለም። የቧንቧው ፕላስቲክ ሲሞቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያወጣል። የውሃ ጠርሙሱ፣ ሃይላንዱ፣ ዘይት አይሰጥም ማለት ይቻላል፣ መስመሩን የሚዘጋ ጠጣር ነገር ነው የሚተወው። እሱን ደግሞ ሰብሳቢዎቹ ለቅመው ይሸጡታል፤ ገንዳ ውስጥ ባለቤት አጥቶ የተቀመጠ አይደለም።

አሁን «አውሮፓና አሜሪካ እየሠሩ ነው» ወደሚለው እንለፍ። እየሠሩ ነው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ግን ጽሑፉ አልነገረንም።

ሆላንድ ውስጥ ሄንግሎ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤምፓይሮ የሚባል ፋብሪካ ተከፍቷል። በሰዓት 5 ቶን የእንጨት ትራፊ ወደ ዘይት ይለውጣል። ዘይቱ የት ሄደ? ቦርኩሎ ወዳለ የወተት ፋብሪካ፣ ለእንፋሎት ቦይለር። የተፈጥሮ ጋዝን ነው የተካው። መኪና ውስጥ አልገባም። ፊንላንድ ዮየንሱ ላይ በ2013 የተሠራው ደግሞ በዓመት 50,000 ቶን ዘይት እንዲያመርት የታቀደ ነው። ከኤሌክትሪክና ሙቀት ማመንጫ ጎን ተለጥፎ ነው የተሠራው፣ ዘይቱም ለማሞቂያ ነው። ስዊድን የቭሌ ላይ በ2021 ሥራ የጀመረው ፓይሮሴል ብቻ ነው ለመኪና ነዳጅ የቀረበው። እሱም ዘይቱን ወደ ሊሴሺል ይልካል፤ እዚያ ፕሪም የሚባለው ኩባንያ ትልቅ ማጣሪያ አለው፣ ከድፍድፍ ጋር አቀላቅሎ ያጣራዋል። ሦስቱም የሚበሉት የእንጨትና የደን ትራፊ ነው። ስዊድኑ እንዲያውም እንጨት መሰንጠቂያው ግቢ ውስጥ ነው የተተከለው፤ ሰጋቱራው ከመጋዙ ወደ ምድጃው ይገባል። ገለባ ፍለጋ መንደር ለመንደር የሚዞር መኪና የለም።

አሜሪካ ሄደን ደግሞ ኪዮርን እንይ። ጸሐፊው ስሙን አላነሱትም፣ ቢያነሱት ጥሩ ነበር። ኪዮር ከጥድ እንጨት ቀጥታ ቤንዚንና ናፍጣ አወጣለሁ ብሎ የተነሳ ኩባንያ ነው። ከኋላው ትልልቅ የሲሊከን ቫሊ ባለሀብቶች ነበሩ። የሚሲሲፒ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር ያለ ወለድ አበደረው። ኮሎምበስ ከተማ ላይ ፋብሪካ ሠራ። ከአንድ ቶን እንጨት ይወጣል የተባለው ነዳጅ ግን አልወጣም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 ኪሳራ አወጀ። በ2016 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ስለ ምርት መጠኑ ባለአክሲዮኖችን አሳስቷል ብሎ ከሰሰው። ገንዘብ፣ ፈቃደኝነት፣ ማጣሪያ፣ ባለሙያ፣ እንጨት፣ ሁሉም በነበረበት ሀገር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ በዚህ ቴክኖሎጂ ሳይቋረጥ ሲነገድ ከቆየው ምርት አንዱ ነዳጅ አይደለም። ፈሳሽ ጭስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከእንጨት በፈጣን ፓይሮሊሲስ የሚወጣ ፈሳሽ ለሥጋ የጭስ ጣዕም መስጫ ይሸጣል። ከቦይለር ይልቅ ቋንጣ ነገር ያዋጣል እንደማለት ነው።

የበርሜሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በበርሜል ከሰል መሥራት ይቻላል። ዘይት መሥራት ግን አይቻልም፤ ያ በሁለት ሰከንድ የሚለካ ሥራ ነው። ከበርሜል የሚንጠባጠበው ሬንጅና ጎምዛዛ ውሃ ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ ቪዲዮዎች ፕላስቲክ ነው የሚያቀልጡት። ጓሮ ውስጥ ለሚሞክር ልጅ ደግሞ የምለው አለኝ፦ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ሽታ የለውም። በየክረምቱ ከሰል ይዞ ተኝቶ ሳይነሳ የሚቀረውን ሰው የሚገድለው እሱ ነው። በርሜሉ ውስጥ አየር ከገባበት ደግሞ ይፈነዳል።

የአየር ንብረቱ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ ብቻ ምክንያታችን ይለያያል። ዕጽዋት ሲያድግ የወሰደውን ካርቦን ሲነድ ይመልሳል፣ ስለዚህ ሚዛኑ ዜሮ ነው ይላሉ። በወረቀት ልክ ነው። ማድረቂያው፣ መፍጫውና መኪናው ነዳጅ ሲበሉ ግን ዜሮነቱ ይቀራል። እኔን የሚያጓጓኝ ጽሑፉ «ተረፈ ምርት» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው ከሰሉ ነው። አፈር ውስጥ የተቀበረ ከሰል፣ ባዮቻር የሚሉት፣ ለመቶዎች ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ካርቦኑን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ግን ለእኛ ሌላ ጥቅም አለው። ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማነት አለበት። ገበሬው ኖራ በመጠበቅ ነው የሚኖረው። የቡና ገለባ ከሰል አመዱ ብዙ ስለሆነ አሲዳማነቱን ይቀንሳል፣ ፖታሲየሙንም ለአፈሩ ይመልሳል። ዘይት ስንሠራ ጠላት የሆነብን ፖታሲየም እዚህ ወዳጅ ሆነ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አሉ።

እኔ ብሆን ነገሩን ገልብጬ ነው የማስበው። ቀስ ያለ ፓይሮሊሲስ፣ ጀንፈል መፈልፈያው አጠገብ። ከሰሉ ለአፈር፣ ወይም ተጨፍልቆ ለማገዶ። ጋዙና ትነቱ ሳይቀዘቅዝ ሳይታሸግ እዚያው ይነዳል፣ ሙቀቱም ቡና ለማድረቅ ይሆናል። ታንክ አያስፈልግም፣ የማይዝግ ብረት አያስፈልግም፣ ማጣሪያ አያስፈልግም። አፋር ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍም እንዲሁ ነው። እንጨት ነው፣ ደረቅ ቦታ ነው፣ ማኅበራት ከሰል ሲሠሩበት ኖረዋል። በደህና ምድጃ ቢያከስሉት ከአንድ እንጨት የሚወጣው ከሰል ከአፈሩ ጉድጓድ በእጥፍ ሊጨምር ይችላል። ይህ አርዕስት አይሆንም፣ ሼርም አይደረግም። ይሠራል ግን።

ነጭ ናፍጣውን መቀነስ ከተፈለገስ? መንገዱ ሌላ ቦታ ተጀምሯል። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ሕዳሴው በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ተመርቋል። ከባድ መኪናው ይቀራል፣ አውቃለሁ። እሱ ግን በገለባ አይፈታም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ፈቃደኝነት የሚለው ነው። ፈቃደኝነት ጠፍቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ወጥቶ ነበር። ፍሬያቸው ዘይት የሚሰጠው ጃትሮፋና ጉሎ ሀገር ያድናሉ ተባለ። መሬት ተሰጠ፣ የውጭ ኩባንያ መጣ። ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ አካባቢ ሳይቀር ለጉሎ ተመነጠረ። ጃትሮፋው በወረቀት ላይ በደረቅ መሬት ያለ ውሃ ያፈራ ነበር። መሬት ላይ አላፈራም፣ ኩባንያዎቹም አብዛኞቹ ጥለው ሄዱ። በዚያው ዘመን የተጀመረው ኢታኖል ግን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቀለ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ አደገ። ለምን ሠራ? ኢታኖሉ የሚወጣበት የስኳር ተረፈ ምርት፣ ሞላሰሱ፣ ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ተከማችቶ ስለነበር፣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሃድ፣ ገዢውም ስለታወቀ ነው።

ስለዚህ ነገ የፓይሮሊሲስ ፋብሪካ ልክፈት የሚል ባለሀብት ቢመጣ እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ጥሬ ዕቃው በሩ ላይ ሲደርስ ርጥበቱ ስንት ነው? ፈሳሹን የሚገዛው የትኛው ቦይለር ነው፣ ውልስ ፈርሟል? ገለባው ዋጋ ያወጣ ቀን ሒሳቡ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ጸሐፊው ለነዚህ መልስ ካላቸው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይጻፉልን።